ሥራን በቅደም ተከተል መግለጽ፦ ቆሞ የከረመ ሞተር ብስክሌት

ባለፉት ምዕራፎች ስለ ተራኪ ድርሰትና ስለ ገላጭ ድርሰት ተምራችኋል። በዚህ ምዕራፍ የምታጠኑት አንድ ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳውን ድርሰት ነው። ይህ ዐይነቱ ድርሰት ከሌሎቹ ይልቅ ቀላል ይመስላል፤ የተሠራውን እንደ ተሠራ ማስቀመጥ ብቻ የሚበቃው ይመስላልና። ይሁን እንጂ በተረት ላይ ቅደም ተከተል ቢዛባ አንባቢው ግራ ይጋባል እንጂ አይጎዳም። የሥራን ሂደት የሚያስረዳ ጽሑፍ ግን አንባቢው በእጁ ይዞት ወደ ሥራው ይገባል። ጸሐፊው የዘለለውን እርምጃ አንባቢውም ይዘለዋል።

ለምሳሌነት የተመረጠው አሮጌ ሞተር ብስክሌትን በቤት ውስጥ የማደስ ሥራ ነው። ሞተር ብስክሌት ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ሞተሩ፣ ካቴናውና ፍሬኑ ሁሉም ከውጭ ስለሚታዩ ለመግለጽ አያስቸግሩም። የታወቀው ጃፓናዊ ሶይቺሮ ሆንዳም እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራውን የጀመረው፣ ከጦርነቱ የተረፉ ትንንሽ የጄኔሬተር ሞተሮችን በብስክሌት ላይ እየገጠመ በመሸጥ ነበር። በስሙ የሚጠራው ኩባንያ የተመሠረተው ከዚያ በኋላ፣ በ1948 ነው።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ስታነቡ የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጽ ልብ በሉ።

ካራቆሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከአጣዬ ቀጥላ፣ ከከሚሴ በፊት የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ ሰው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ለዓመታት ቆሞ የከረመ ሞተር ብስክሌት በሐራጅ ገዛ እንበል። ሞተር ብስክሌቱ ለረጅም ጉዞ የተሠራ፣ የጃፓን ሥሪት፣ ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ነው።

ሰውየው እየገፋ ወደ ግቢው ሲያስገባው ጎማዎቹ ተንፍሰው መሬት ላይ ተኝተው ነበር። መቀመጫው ተቀዷል፤ ራጂዎቹ ዝገዋል፤ በማርሚታው አፍ ላይ ተርብ ቤት ሠርቶበታል። ጎረቤቶቹ ተሰብስበው፣ “እስቲ አስነሣውና ድምፁን እንስማው” ቢሉትም እሺ አላለም። ሞተር ለብዙ ጊዜ ሲቆም ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ወርዶ ያልቃል፤ የፒስተኑ ቀለበቶች በዝገት ይያዛሉ። በዚህ ሁኔታ መርገጫውን በኃይል መርገጥ ያልተበላሸውን ማበላሸት ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን መፍቻ አላነሣም። ሊብሬውን አውጥቶ፣ በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተቀረጹትን ቁጥሮች በጨርቅ ጠርጎ፣ አንድ በአንድ አመሳከረ። ቁጥሩ ሳይመሳከር ለመለዋወጫ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው፣ ሰሌዳ የማያገኝ ብረት ሲያድስ ሊከርም ይችላል። ከዚያም ደብተር ይዞ የጎደለውን፣ የተሰበረውንና የሚታጠበውን ለይቶ መዘገበ።

በማግሥቱ ሥራውን ከቤንዚኑ ጀመረ። ቤንዚን ለብዙ ወራት ሲቆም ቀላሉ ክፍል ይተንና እንደ ሙጫ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይቀራል። ሰውየው ታንኩን ፈትቶ፣ ከምድጃና ከከሰል ርቆ፣ ገላጣ ቦታ ላይ አሮጌውን ቤንዚን ወደ ጀሪካን ገለበጠ። የታንኩ ውስጥ ዝጎ ስለ ነበር 20 ትንንሽ ዳዶዎችን ቆጥሮ ጨመረበትና፣ የሳሙና ውኃ አክሎ ደጋግሞ ናጠው። ዝገቱ ተፋቅፍቆ ከወጣ በኋላ 20ዎቹን ዳዶዎች ቆጥሮ ተረከበ፤ አንዷ እንኳ ብትቀር የቤንዚኑን መውጫ ልትዘጋ ትችላለችና። ታንኩን በንጹሕ ውኃ አለቅልቆ ፀሐይ ላይ ደፋው። የይፋት ቆላ ፀሐይ ጎማ እየሰነጠቀች ባለ ሞተሮችን ብታማርርም፣ ለዚህ ሥራ ግን ሁነኛ ረዳት ናት። ታንኩ ፈጽሞ እንደ ደረቀ ዳግመኛ እንዳይዝግ ውስጡን በጥቂት ዘይት አዳረሰው።

ያን ዕለት ማታ ካንዴላውን ነቅሎ በቀዳዳው በኩል ሁለት ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት ጨመረና አሳደረው። ጠዋት ካንዴላውን ሳይመልስ የመጨረሻውን ማርሽ አስገባ፤ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥቶም በእጁ ቀስ እያለ አዞረው። መጀመሪያ እምቢ አለ። ሰውየው ኃይል አልጨመረም፤ ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ እያለ ሲያባብለው ፒስተኑ ለቀቀ።

ካርቡራተሩን የፈታው በነጭ ጨርቅ ላይ ነው። የወጣውን ዕቃ ሁሉ በአወጣጡ ተራ ደረደረ፤ ሲገጥም ከመጨረሻው ተነሥቶ ወደ መጀመሪያው ለመመለስ እንዲመቸው። ቤንዚን የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ከመርፌ ቀዳዳ የማይበልጡ ናቸው። አንዳንድ ሰዎች እነዚህን በሽቦ ይጎረጉራሉ፤ ሽቦ ግን ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ የሰፋ ቀዳዳም ከልክ ያለፈ ቤንዚን ያሳልፋል። ሰውየው በንጹሕ ቤንዚን ዘፍዝፎ ካሳደራቸው በኋላ ጎሚስታ ዘንድ ወስዶ በአየር አስነፋቸው።

ቀጥሎ ፍሬኑን ከፈተ። በአሮጌ ተሽከርካሪዎች የፍሬን ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል ለሳንባ አደገኛ ማዕድን ይገኛል፤ ስለዚህ ብናኙን በአፉ እፍ አላለም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን ጣለው። ሸራው አልቆ፣ የፍሬኑ ገመድም ተበጣጥሶ አገኘው። ጎማዎቹም ከላይ ሲታዩ ጥርሳቸው ያላለቀ ቢሆንም ጎናቸው ተሰነጣጥቆ ነበር። እነዚህን ሁሉ መዝግቦ፣ ካራቆሬና ኮምቦልቻ ያልተገኘውን አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሱማሌ ተራ ድረስ ሰው ልኮ አስገዛ። መለዋወጫው እስኪመጣ ካቴናውን በላምባ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት ቀባው።

መለዋወጫው ሁሉ ተገጠመ። ያረጀው የሞተር ዘይት ተቀድቶ በአዲስ ተተካ። አዲሱ ካንዴላ ክፍተቱ በመለኪያ 0.7 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ገባ። በመጨረሻ አዲስ ቤንዚን ተሞላ። ከጥቂት እርግጫ በኋላ ሞተሩ ተነሣ። ወደ ሲሊንደሩ የፈሰሰው ዘይት እየነደደ ግቢውን በጢስ ሞላው፤ ቆይቶ ግን ጠራ።

ሰውየው ወዲያውኑ ወደ አውራ ጎዳናው አልወጣም። ለብዙ ቀናት በሜዳማው መንገድ ላይ ብቻ እየነዳና ቡሎኖቹን እያጠበቀ ሞተር ብስክሌቱን ፈተነው። ከካራቆሬ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና በኩል ወደ ላይ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በርን መውጣት አለበትና። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያሠሩት የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሽቅቡ ሞተርን ይፈትናል፤ ቁልቁለቱ ፍሬንን። ፍሬኑን ሳይለቅ እየያዘ የሚወርድ ሰው ሸራው ግሎ መያዝ ሊያቅተው ይችላል፤ አዋቂው ግን ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው ያደርጋል።

ለ. የቃላት ጥናት

በምንባቡ ውስጥ ካሉት የሙያ ቃላት ብዙዎቹ ከጣሊያንኛ የተወረሱ ናቸው። አንዳንዶቹ በኤርትራ በኩል ቀድመው የገቡ ሲሆን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጊዜ መንገድ ሲሠራና የጭነት መኪና ሲበዛ ይበልጥ ተስፋፉ። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ቡሎን፣ ጎሚስታ፣ በየዓመቱ በተሽከርካሪ ላይ የሚለጠፈው ቦሎም ሳይቀር የዚሁ ወገን ናቸው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ ማርሚታ ደግሞ ድስት። ድስቱ በአገራችን ጢስ ማውጫ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

እነዚህ ቃላት አማርኛ ውስጥ ከገቡ በኋላ የሚገዙት በአማርኛ ሰዋስው ነው። “ካንዴላዎች”፣ “ጎማውን”፣ “በማርሚታው” እንላለን። ሞተር ከሚለው ቃል ላይ “-ኛ” የሚለውን ቅጥያ ጨምረን “ሞተረኛ” ብለናል። ጎሚስታ ግን ከነጣሊያንኛ ቅጥያው መጥቷል። የውሰት ቃልን አላግባብ መናቅ አይገባም፤ ሠራተኛው በየቀኑ “ካንዴላ” እያለ የሚጠራውን ዕቃ ጸሐፊው በፈጠረው አዲስ ስም ቢጠራው፣ ጽሑፉን ይዞ ሱቅ የሚሄደው አንባቢ ባዶ እጁን ይመለሳል።

“መፍቻ” የሚለው ቃል ደግሞ “ፈታ” ከሚለው ግሥ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። መሣሪያው ያጠብቃልም፣ ይፈታልም፤ ስሙን ያገኘው ግን ከመፍታት ብቻ ነው።

ሐ. ሰዋስው

1. ቦዝ አንቀጽ። “ፈትቶ”፣ “አጥቦ”፣ “አድርቆ” የሚሉት ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ብቻቸውን ዐረፍተ ነገር አያስሩም፤ ከማሰሪያ አንቀጽ በፊት የተፈጸሙ ድርጊቶችን በተራ ያስቀምጣሉ። “ካቴናውን በላምባ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ዘይት ቀባው” ሲባል ሦስት ሥራዎች በተፈጸሙበት ተራ ተነግረዋል፤ “ከዚያ፣ ከዚያ” እያሉ መደጋገም አላስፈለገም።

የቦዙ ባለቤት በግልጽ ካልተጠራ፣ የማሰሪያ አንቀጹ ባለቤት የእርሱም ባለቤት ነው። ስለዚህ “ሰውየው ታንኩን አጥቦ ደረቀ” ብሎ የጻፈ ተማሪ የደረቀው ሰውየው ነው ማለቱ ነው! “አጥቦ አደረቀው” ወይም “ታንኩ ታጥቦ ደረቀ” ማለት ነበረበት። እንደ ደረቀና አደረቀ፣ ላላና አላላ፣ ጠበቀና አጠበቀ ያሉትን የማይሻገሩና የሚሻገሩ ግሦች ለይቶ ማወቅ ለዚህ ዐይነት ድርሰት ግዴታ ነው።

2. ቦዝ አንቀጽና አሉታ። ይህ ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። “ፍሬኑን ፈትሾ አልነዳም” የሚለውን ዐረፍተ ነገር መርምሩ። ሰውየው ፍሬኑን ፈትሿል ወይስ አልፈተሸም? ሁለት ትርጉም ይወጣዋል፤ ፈትሾ ሳለ መንዳቱን ትቷል፤ ወይም ሳይፈትሽ ነድቷል። በማሰሪያው ላይ ያለው አሉታ ቦዙን አብሮ ሊያፈርሰው ይችላልና። በጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ለማለት ከፈለገ “ፍሬኑን ፈተሸ፤ ሆኖም አልነዳም”፣ ሁለተኛውን ለማለት ከፈለገ “ፍሬኑን ሳይፈትሽ ነዳ” ብሎ ይጻፍ። “ሳይ-” የሚለው መነሻ ቅጥያ ያልተፈጸመውን ድርጊት ለይቶ ስለሚያሳይ፣ ለማስጠንቀቂያ የተመቸ ነው፦ ታንኩን ሳታደርቁ አትግጠሙ።

3. መጥበቅና መላላት። “ቡሎኑ ይጠብቃል”፣ “ዘበኛው ይጠብቃል” የሚሉት ሁለቱ ግሦች በጽሕፈት አንድ ናቸው። በንባብ ግን ስለ ዘበኛው ሲነገር “ብ” ይጠብቃል፤ ስለ ቡሎኑ ሲነገር “ብ” ይላላል። መጥበቅን የሚናገረው ግሥ ራሱ ላልቶ መነበቡ የሚያስቅ ነው። የአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውን ከሚላላው በምልክት ስለማይለይ፣ ጸሐፊው በዐረፍተ ነገሩ አካባቢ ትርጉሙን ግልጽ ማድረግ አለበት። “ዳዶው እስኪጠብቅ ቆየ” ከማለት “ዳዶውን አጥብቆ አሠረ” ማለት ይሻላል።

4. የግሡ መልክ። ምንባቡ በአብዛኛው የተጻፈው ስለ አንድ ሰው በኃላፊ ጊዜ ነው። መለዋወጫው ሲገጠም ግን ወደ ተገብሮ ተለውጧል፦ “ተተካ”፣ “ተሞላ”። ሥራው የታወቀና አደጋ የሌለው ሲሆን እንዲህ ማሳጠር ይቻላል። አደጋ ባለበት ቦታ ግን ድርጊቱን የፈጸመው ሰው እንዲታወቅ በገቢር መጻፉ ይመረጣል።

መ. መልመጃ

1. የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አርሙ፤ የስሕተታቸውንም ምክንያት አስረዱ።
“ካርቡራተሩን ፈትቶ ጸዳ።”
“ዘይቱን ለውጦ ሞተሩን አላስነሣም።”
“ቡሎኑን ላልቶ ጎማውን አወጣ።”

2. በምንባቡ ውስጥ ሰውየው እንዳይሠራ የተጠነቀቀባቸውን ነገሮች ፈልጋችሁ፣ እያንዳንዱን “ሳይ-” ወይም “ከመ- … በፊት” በሚሉት መልኮች እንደ ገና ጻፉ።

3. በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ የሚሠራ አንድ የእጅ ሥራ፣ የብስክሌት ጎማ መለጠፍን፣ ምጣድ ማሟሸትን ወይም ሞፈርና ቀንበር ማዘጋጀትን መርጣችሁ፣ ከሁለት ገጽ በማይበልጥ ድርሰት ግለጹ። ሠራተኛው ዕቃዎቹን የሚጠራባቸውን ስሞች ጠይቃችሁ ተጠቀሙ። ከጨረሳችሁ በኋላ ድርሰቱን ሥራውን ለማያውቅ የክፍል ጓደኛችሁ ስጡት፤ “አሁን ምን ላድርግ?” ብሎ በሚቆምበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት ያድርግ። ምልክት የተደረገባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አስተካክላችሁ ጻፉ።