ወረፋ የሌለበት ዛፍ፦ በማጂክ ኪንግደም የዛፍ ላይ ቤቱን ለሚጎበኙ

ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ኦርላንዶ አጠገብ ወደሚገኘው የዲስኒ መዝናኛ ፓርክ፣ ማጂክ ኪንግደም የሚገባ ቤተሰብ ከቀኑ ብዙውን የሚያሳልፈው ቆሞ ነው። ለጥቂት ደቂቃ ጨዋታ አንድ ሰዓት መሰለፍ እዚያ ብርቅ አይደለም። በዚህ ሁሉ መሀል መቀመጫም፣ ቀበቶም የሌለው፣ በእግር ወጥተው በእግር የሚወርዱበት አንድ መስህብ አለ፤ ስዊስ ፋሚሊ ትሪሃውስ። ብዙ ሰው አይቶት ያልፋል። የሚወጡትም ቢሆኑ አብዛኞቹ እየሮጡ ወጥተው እየሮጡ ይወርዳሉ፤ ምንም ሳያዩ።

ታሪኩን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ዮሐን ዳቪድ ቪስ የተባለ የስዊስ ቄስ የጻፈው ልብ ወለድ በ1812 ታተመ፤ መርከባቸው ተሰብሮ ሰው በማይኖርበት ደሴት ላይ የቀሩ የአንድ ቤተሰብ አባላትን ይተርካል። ዲስኒ በ1960 ፊልም አደረገው፤ ቀረጻውም በካሪቢያኗ ቶቤጎ ደሴት ነበር። የፍሎሪዳው የዛፍ ቤት ከፓርኩ ጋር በአንድ ቀን፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1971 ተከፈተ። ዛፉ የብረትና የኮንክሪት ሥራ ሲሆን ቁመቱ 18 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ 300,000 የሚጠጉት ቅጠሎቹም ፕላስቲክ ናቸው። ከቅርንጫፎቹ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገው ተክል ግን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ዛፎች ላይ የሚበቅለው እውነተኛው ነው።

መጀመሪያ ሰዓት መምረጥ ነው። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሰዓታት ወረፋቸው ሳይረዝም ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬንና ፒተር ፓን ለሚባሉት ጨዋታዎች ይዋሉ። ዛፉ አይሸሽም። እኩለ ቀን ላይ ሌላው ሁሉ ሲጨናነቅ፣ ወይም ሲመሽ ፋኖሶቹ ሲበሩ መምጣት ይሻላል። በበጋቸው፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና ዝናብ የተለመደ ነው፤ መብረቅ ካለ ደጅ ያሉ መስህቦች ሊዘጉ ስለሚችሉ ደመናውን አይቶ ፕሮግራሙን ማሸጋሸግ ያስፈልጋል።

በመኪና የመጣ ሰው መኪናውን ካቆመ በኋላ ገና አልደረሰም፤ ሐይቁን በጀልባ ወይም ዙሪያውን በሞኖሬል ማለፍ አለበት። ለዚህም፣ ለፍተሻውም ጊዜ ይያዝ። ከበሩ ገብቶ በዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ወደ ሲንደሬላ ቤተ መንግሥት ይሄዳል፤ አደባባዩ ላይ ወደ ግራ ታጥፎ ድልድዩን ሲሻገር አድቬንቸርላንድ የተባለው የፓርኩ ክፍል ነው። ዛፉ በግራ በኩል፣ ጀንግል ክሩዝ ከተባለው የጀልባ ጉዞ ቀድሞ ይገኛል። ለዛፉ ብቻ የሚከፈል ነገር የለም፤ የፓርኩ መግቢያ ትኬት ይበቃል።

ከመውጣት በፊት ሥሩ ላይ ቆሞ መወሰን የሚገባው ነገር ማን ይወጣል የሚለው ነው። ደረጃው ከ60 በላይ ነው፣ ሊፍት የለም፣ ተሽከርካሪ ወንበርም አይገባም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት ካሉ በጥላው ይቀመጡ፤ መገናኛ ቦታም አስቀድሞ ይነገራቸው። የልጅ ጋሪ ታች ይቀራል። ሕፃን ያለው ወላጅ ከማቀፍ ይልቅ ማዘል ይቀለዋል፤ ሁለቱም እጆቹ ለመደገፊያው ነፃ ይሆናሉ። መንገዱ ጠባብና አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ቆም ብሎ ማየት የፈለገ ሰው ጥግ ይዞ ከኋላው ያለውን ያሳልፍ።

ውኃው ጋ ግን መቆም ግድ ነው። ታች ያለው ጅረት መንኮራኩር ያዞራል፤ መንኮራኩሩ ገመድ ይስባል፤ በገመዱ ላይ የታሰሩት የቀርከሃ ቁራጮች ውኃ እየቀዱ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጫፍ ሲደርሱ ተገልብጠው ከቀርከሃ በተሠራ አሸንዳ ላይ ያፈሱታል፤ ከዚያ ውኃው በየክፍሉ አቅጣጫ ይወርዳል። ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ልጁ አንዱን ቁራጭ መርጦ ከታች ጀምሮ እስከሚገለበጥበት ድረስ በዓይኑ እንዲከተለው ይንገረው። በዚህ መስህብ ከዚህ የተሻለ ጨዋታ የለም።

ክፍሎቹ ውስጥ አይገባም፤ ከደጅ ቆሞ ነው የሚታየው። ሳሎኑ ውስጥ ከመርከቡ የተረፈ ተብሎ የተቀመጠ ኦርጋን አለ፤ የፊልሙ ፖልካ ሙዚቃ ሲንቆረቆር ይሰማል። የወላጆቹ መኝታ፣ የልጆቹ ክፍልና መጻሕፍት ቤቱም አሉ። ፎቶ የሚያምረው አናቱ ላይ ነው፦ በቅጠሉ መሀል ቤተ መንግሥቱ፣ ሥር ደግሞ የጀንግል ክሩዝ ጀልባዎች ይታያሉ። ቀስ ብሎ ላየው ሰው ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ፍሎሪዳ ለማይቀርባቸው፣ አውሮፓ ላሉት በፓሪሱ ዲስኒላንድ፣ ጃፓን ላሉት ደግሞ በቶኪዮው ተመሳሳይ ዛፍ አለ። የካሊፎርኒያው በ1962 ተከፍቶ በ1999 የታርዛን ቤት ሆነ፤ ከ2023 ወዲህ አድቬንቸርላንድ ትሪሃውስ ተብሏል፤ ስለዚህ የፊልሙን የሮቢንሰን ቤተሰብ ፈልጎ ወደዚያ የሚሄድ አያገኛቸውም።

ከዛፉ ከወረዱ በኋላ እዚያው አድቬንቸርላንድ ውስጥ አሎሃ አይል የሚባለው ሱቅ ዶል ዊፕ የተባለውን የአናናስ አይስክሬም ይሸጣል። የአናናሱ ወተት የለበትም፤ ጾም ላይ ያለም ሰው ይበላዋል። ከቫኒላ ጋር ተቀላቅሎ የሚቀርበው ግን ወተት ሊኖርበት ስለሚችል ጿሚው ሲያዝዝ አናናስ ብቻ መሆኑን ይናገር።