የመኪና ባትሪ ሲደክም ጥፋቱ ከየት እንደ ሆነ ስለ መለየት

ከጊንጪ አንሥቶ በአምቦና በጉደር በኩል እስከ ባኮ በሚሠሩ ነጋዴዎች ዘንድ አንድ አቤቱታ ዘወትር ይሰማል። ጤፍ የተጫነበት መኪና በማለዳ አልነሣም ይላል፤ ባለ መኪናውም ባትሪው ሞቷል ብሎ አዲስ ይገዛል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን አዲሱም እንደ አሮጌው ይሆናል። ገንዘቡ የባከነው ባትሪው ሳይመረመር ስለ ተፈረደበት ነው። ለምርመራው የሚያስፈልገው ቴስተር የሚባለው መለኪያና የሩብ ሰዓት ትዕግሥት ብቻ ነው።

በመጀመሪያ መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፤ ሞተሩ ሳይነሣ ይለካል። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል፤ ከ12 በታች ከወረደ ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ሁለት ባትሪ ተያይዞ በ24 ቮልት ለሚሠራ የጭነት መኪና ቍጥሩ እጥፍ ነው። ባዶ መሆን ግን መሞት አይደለም፤ ሞልቶ እንደ ገና መፈተን ይገባል።

ሁለተኛው ልክ ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ነው። ሙሉ የነበረው ባትሪ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ በእርግጥ ደክሟል። ብርድ የባትሪን ኃይል ስለሚቀንስና የሞተሩንም ዘይት ስለሚያወፍር፤ በጀልዱ ደጋ ያደረ መኪና ይህን ድካም ቀድሞ ይገልጠዋል። ቮልቱ ሳይወርድ ሞተሪኖው ዝም ቢል ግን ባትሪውን ከመውቀስ በፊት የገመዶቹን ማሰሪያዎች ማየት ያስፈልጋል፤ የላላ ወይም ነጭ ዝገት የያዘ ማሰሪያ ኃይል አያሳልፍምና።

ሦስተኛው ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የሚለካው ነው፤ አብዛኛው ስሕተት የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው። ዲናሞው ደኅና ከሆነ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ይታያል። ከ13 በታች ከሆነ አይሞላም፤ በቅድሚያም ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ አለመላላቱ ይታይ። ከ15 ካለፈ ደግሞ የቮልት መቈጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ እንዲህ ያለው መኪና የባትሪውን ውኃ አፍልቶ ይጨርሳል፤ አዲስ ባትሪ ቢገባለትም ያንኑ ያደርጋል።

በብዙ ጋራዦች ዲናሞን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል የተለመደ ነው። ይህ ልማድ የተወረሰው ከጥንቱ ዲናሞ ነው። የዛሬው መሣሪያ ስሙ ዲናሞ ይባል እንጂ አሠራሩ ሌላ ነው፤ ገመዱ በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ዘሎ ዳዮዶቹንና የመኪናውን ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ቴስተር እያለ ይህን ማድረግ ትርፍ የሌለው ድፍረት ነው።

ሦስቱም ልኮች ደኅና ሆነው ባትሪው ከገበያ እስከ ገበያ ቆሞ የሚያልቅ ከሆነ፤ ኃይል የሚያፈስ ነገር አለ ማለት ነው። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሽ አምፔር ቢፈስበት በ5 ቀን ያልቃል። ፊውዞቹን አንድ በአንድ እያወጡ በአምፔር መለኪያ ቢመለከቱ ጥፋተኛው መሥመር ይታወቃል።

ስለ ውኃ አንድ ቃል እንጨምር። የአምቦ ውኃ ለጠጪው የተመሰገነ ቢሆንም በውስጡ ያለው ማዕድን የባትሪን ሰሌዳ ይጎዳል፤ የቧንቧውም ውኃ ቢሆን አይበጅም። ክዳኑ ለሚከፈት ባትሪ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው፤ አሲድም አይጨመርበትም። በሚሞላበት ጊዜ የሚወጣው ጋዝ ስለሚፈነዳ ክብሪትና ሲጋራ ይራቅ።

ባትሪ የምትሸጡ ባለ ሱቆችም በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ኃይሉ ቀስ በቀስ እንደሚቀንስ አትዘንጉ። ባዶ ሆኖ የከረመ እንደ ሆነ በሰሌዳዎቹ ላይ የሚደርቀው ሰልፌት ዳግመኛ አያስሞላውም። ስለዚህ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሸጥ፤ ከ12.4 ቮልት የወረደውም ይሞላ። ከ2016 ዓ. ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ተከለከለ፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በርክተዋል፤ በነዚህም ውስጥ አነስተኛ የ12 ቮልት ባትሪ ይገኛል። እርሱን የሚሞላው ግን ዲናሞ ሳይሆን ከትልቁ ባትሪ ቮልት ቀንሶ የሚያቀብል መሣሪያ ስለ ሆነ፤ ለእነርሱ የሚሆነው የባትሪ ዓይነት ከመኪናው መመሪያ ተነብቦ ይታዘዛል።