ስኳርና ገበታ፦ በጫሞ ዳር የተደረገ ምልልስ

የጫሞ ሐይቅ ዓሣ አስጋሪዎች ጀልባቸውን ጎትተው ዳር ካወጡ በኋላ ሥራው የቢላዋ ነው። የቆሮሶው ቅርፊት ይፋቃል፣ ትልቁ ናይል ፐርች ቆዳው ተገፍፎ ፊሌቶ ይወጣለታል። አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች ደግሞ የሚጣለውን ጭንቅላትና አንጀት ቆመው ይጠብቃሉ። ዓሣ ሊገዛ ከአርባ ምንጭ፣ ከሲቀላ ሰፈር፣ በባጃጁ የወረደው ጎልማሳ ሹፌር ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው የላቦራቶሪ ወረቀት በባዶ ሆድ የተለካውን የደም ስኳር 198 ይለዋል። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቱንም ጊዜ ከ126 በላይ ሆኗል፤ ስለዚህ የስኳር ሕመም መሆኑ ጥርጣሬ የለውም። ሜትፎርሚን ታዝዞለት፣ «ክብደት ቀንስ፣ አመጋገብህን አስተካክል» ተብሎ ወጣ። እንዴት ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም፤ ከኋላው ወረፋው ረጅም ነበር።

አብረውት የመጡት ጎረቤቱ ዕድሜያቸውን በነርስነት ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ሰፈሩ ዛሬም «ሲስተር» ይላቸዋል።

«ሲስተር፣ እንግዲህ ጤፍ ትቼ ጥቁር ዳቦ ብቻ ልብላ ነው?»

«ይህን ማን ነገረህ?»

«ሁሉም ሰው ነው የሚለው። ስኳር ያለበት ሰው ነጭ እንጀራ አይበላም ይላሉ።»

ሲስተር ይህን ምክር ሲሰሙ ኖረዋል። ግማሹ እውነት ነው፦ ያልተፈተገ እህል አሰሩ ብዙ በመሆኑ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው። ብዙዎችን የሚጎዳው ሌላኛው ግማሽ ነው። ዳቦው ጥቁር ስለሆነ ብቻ ጠግቦ የሚበላ ሰው ስኳሩ ለምን እንደማይወርድ ግራ ይገባዋል።

«ዓይነቱን ከመቀየርህ በፊት መጠኑን ቀንስ» አሉት። «ሦስት እንጀራ ትበላ ከነበር አንድ ይበቃሃል። የሰሃንህን ግማሽ ጎመን፣ ሽፈራው፣ ቲማቲምና ቃሪያ ይሙላው። ሩቡ ዓሣ ወይም ምስር ይሁን፣ እንጀራው በቀረው ሩብ ይብቃ። ስትበላም ከአትክልቱና ከዓሣው ጀምር። እንጀራው ከኋላ ሲመጣ ስኳርህ እንደ ወትሮው አይዘልም።»

«ጥሩ፤ ክብደቱስ? እኔ ያለብኝ ስኳር እንጂ ውፍረት አይደለም እኮ!»

ሲስተር በዓይናቸው ሆዱን አሳዩት። በሆድ ዕቃ ውስጥ የሚጠራቀም ስብ ጉበትና ቆሽት ውስጥ ይገባል። በስብ የተሞላ ጉበት ኢንሱሊን የሚያዘውን በወጉ አይፈጽምም፤ ሰውየው እራቱን በልቶ ከተኛም በኋላ ሌሊቱን ስኳር ወደ ደሙ ይለቃል። «አንድም ነገር ሳትቀምስ ጠዋት 198 የሆነው ለዚህ ነው» አሉት። ወንድ ልጅ ወገቡ ከ102 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ሴት ከ88 ካለፈች፣ አደጋው ከፍ ይላል። የእሱ ገና አልተለካም።

ስለ ክብደት ይህን ያህል አጥብቀው የሚናገሩት ያለ ማስረጃ አይደለም። ዳይሬክት የተባለውና የመጀመሪያ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የብሪታንያ ጥናት፣ ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ከያዛቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውንና ኢንሱሊን የማይወጉ ሰዎችን ወሰደ። ለጥቂት ወራት በቀን ከ850 ካሎሪ ያልበለጠ ምግብ እየተሰጣቸው በክትትል ከሱ። በዓመቱ ከመቶው 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው መለኪያ በታች ሆነ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ 86 ከመቶዎቹ ለዚህ በቁ።

«ዳኑ ማለት ነው?»

«ድነዋል አልልህም። ክብደቱ ሲመለስ ስኳሩም ይመለሳል። አንተም በራስህ እንዲህ ያለ ረሃብ እንዳትጀምር፤ ያ በሐኪም ዓይን ሥር የተደረገ ነው። ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ በቀስታ ብትቀንስም ስኳርህም ግፊትህም ይወርዳል።»

ጎልማሳው ትንሽ አሰበና ጨንቻ ያለውን የአጎቱን ልጅ አነሳ። ልጁ ከሲታ ነው፤ ግን ስኳር አለበት። እሱም ይቀንስ?

«በፍጹም!» አሉ ሲስተር፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። በኢትዮጵያ ገጠር ቀጭን ሆኖ ስኳር የሚይዘው ሰው ጥቂት አይደለም። በልጅነት ከደረሰ የምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውን ዓይነት ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ባንኮክ ላይ «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ለይቶታል። እየከሳ፣ ውሃ እየጠማውና ቶሎ ቶሎ እየሸና ላለ ሰው ክብደት ቀንስ ማለት እሱን መጉዳት ነው። የዚያ ልጅ መንገድ ወደ ሐኪም ነው።

ከዚያ ወሬያቸው ወደ አርባ ምንጭ ገበያ ዞረ። እዚህ ሲስተር ፋታ አልሰጡትም። አንድ መካከለኛ የበሰለ ሙዝ 27 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ሙዝ የተከለከለ አይደለም፣ ነገር ግን ተሳፋሪ እየጠበቁ አራት አምስት መላጥ ሌላ ነገር ነው። ስፕሪስ ግን ይቅር። ማንጎና ፓፓያው ሲፈጭ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የማይጨርሰው ፍሬ በአንድ ብርጭቆ ይጠጣል፣ ስኳርም ይጨመርበታል። 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ብቻውን 35 ግራም ስኳር፣ ማለትም ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ያህል አለው። ከመጠጡ የሚቀድም ነገር የለም፤ ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ከዚህ ይጀምር።

«ማርስ? ተፈጥሮ ነው እኮ።»

«ተፈጥሮ ነው፣ ስኳርም ነው።»

ቆጮ ከስታርች ሌላ ብዙም የለውም፤ ቡላ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ትንሽ ቆርሶ ከጎመንና ከአይብ ጋር። ኩርኩፋ፣ ሽፈራው ከበዛበትና የበቆሎው ድብልብል ካነሰ፣ ጥሩ ምሳ ነው። ሽፈራውን ሻይ አድርጎ ጠጥቶ ኪኒኑን የሚተወውን ሰው ግን ሲስተር አይታገሡም። ቅጠሉ ምግብ ነው እንጂ የሜትፎርሚን ምትክ አይደለም።

ዓሣ ሻጩ ፊሌቶውን በላስቲክ ሲያስርለት ጎልማሳው «ዛሬ ኮተሌት ነው!» አለ።

«ዘይት ውስጥ ከዋኘ በኋላ ምኑን ዓሣ ሆነው? አንዱ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ይቀቀልልህ፤ ሎሚ ጨምቅበት።»

የባጃጅ ነጂ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚውለው። ሲስተር ከምሳና ከእራት በኋላ ሩብ ሰዓት እንዲራመድ፣ በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲሞላ ነገሩት። በነጠላ ጫማ ወይም በባዶ እግር ግን አይሆንም፤ ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ላይሰማው ስለሚችል ማታ ማታ የእግሩን መዳፍና የጣቶቹን መካከል ማየት አለበት።

«ጾሙስ ሲመጣ?»

«ሜትፎርሚን ብቻ የሚወስድ ስኳሩ ከልክ በላይ የሚወርድበት አልፎ አልፎ ነው። ግሊበንክላማይድ ከተጨመረልህ ወይም ኢንሱሊን ከጀመርክ ግን ሐኪም ሳትጠይቅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመህ አትዋል። ካላበህ፣ እጅህ ከተንቀጠቀጠ፣ ልብህ በኃይል ከመታ፣ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠህ ወዲያው ጠጣ፤ ከዚያ ምግብ ብላ።»

የመጨረሻው ጭንቀቱ ሚስቱ ነበረች። ቤተሰቡ ስድስት ነው፤ ለእሱ ብቻ ሌላ ድስት መጣድ ወጪም ድካምም ነው።

«ማን ሌላ ድስት ጣዱ አለ?» አሉት። «ዘይቱና ጨዉ የቀነሰው ወጥ ለልጆችህም ነው። ከአንተ የወረሱት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ለስላሳውን ከቤት አውጣው፣ ጎመኑን አብዛው። ሚስትህን በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዘሃት ሂድ። የምትቀቅለው እሷ ናትና ሐኪሙ የሚለውን እሷም ትስማ፤ ወገብህንም ያኔ ትለካለህ።»