ውሃ የሌለበት የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ

የኡልፓን ተማሪዎች፣ ከመካከላችሁ በማቀዝቀዣ መጋዘን ሥራ የምትጀምሩ ስላላችሁ የዛሬው ትምህርታችን ጣሪያ ላይ ስለተዘረጋው የእሳት ማጥፊያ ቧንቧ ነው። ውሃ የሚረጨው አፉ በዕብራይስጥ «ማታዝ» ይባላል።

የአሽቀሎን ብርድ ቀላል ስለሆነ በተራ ሕንፃ ውስጥ ቧንቧው ውሃ እንደያዘ ይቆያል። ሥጋና አይስክሬም በሚቀመጥበት፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ክፍል ግን ውሃው በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ እዚያ ያለው ቧንቧ የሚሞላው በአየር ነው። ውሃው በረዶ በማይደርስበት ክፍል፣ ከቫልቩ በታች ሆኖ ይጠብቃል።

እንዴት ነው የሚሠራው? አየሩ የቫልቩን ክዳን ተጭኖ ይይዛል። ክዳኑ በአየር በኩል ሰፊ ስለሆነ አነስተኛ የአየር ግፊት ብርቱውን ውሃ ያግደዋል። እሳት ሲነሣ ሙቀቱ የማታዙን ትንሽ ብርጭቆ ይሰብራል፤ ቀይ ፈሳሽ ያለው በ68 ዲግሪ ይሰበራል። አየሩ ይወጣል፣ ክዳኑ ይከፈታል፣ ውሃው ይመጣል።

እንግዲህ ችግሩ አየሩ ያለ እሳት ሲያመልጥ ነው። ቧንቧው እንደ መኪና ጎማ ቀስ እያለ ከተነፈሰ ክዳኑ በራሱ ይከፈትና ውሃው ቀዝቃዛው ክፍል ገብቶ በረዶ ይሆናል። ከዚያ በኋላ እሳት ቢነሣ ቧንቧው ተደፍኗል። «ለጥንቃቄ» ብሎ አየር መጨመርም አይበጅም፤ ትርፉ አየር ወጥቶ እስኪያልቅ ውሃው ይዘገያል። ትክክለኛው ልክ የቫልቩ አምራች የወሰነው ነው።

መለኪያውን አንድ ቀን ብቻ ማየት አይበቃም። ቁጥሩ በየጊዜው ይጻፍ፣ ካለፈው ጋር ይተያይ። ኮምፕሬሰሩም ይደመጥ፤ የጎደለውን አየር እየሞላ ቀዳዳውን ይደብቃልና።

የዛሬ ቃላት፦
ላኻጽ አቪር — የአየር ግፊት
ማድ ላኻጽ — የግፊት መለኪያ
ማድኼስ — ኮምፕሬሰር
ሀላኻጽ ያራድ — ግፊቱ ወርዷል
የሽ ድሊፋ — የሚያፈስ ቦታ አለ

ቫልቩን ራሳችሁ አትንኩ። ዕብራይስጤ ገና ነው ብላችሁም ዝም አትበሉ፤ ለኃላፊው እነዚህ ሁለት ቃላት ይበቃሉ። እሳት ካያችሁ ግን ወጥታችሁ 102 ደውሉ።

መልመጃ፦ የመለኪያው መርፌ አልወረደም፣ ኮምፕሬሰሩ ግን ከትናንት ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይነሣል። ለኃላፊው በዕብራይስጥ ምን ትሉታላችሁ?