«ኦሮማይ» ታሪካዊ ልቦለድ ነው?

ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ ያከራከረን ጥያቄ ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታተመ፤ የሚተርከው የ1974ቱን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። የአንድ ዓመት ነገር ደግሞ ምኑ ታሪክ ይባላል? ለደራሲው ትኩስ ወሬ ነበር፤ ታሪክ የሆነው ለእኛ ነው።

ጋዜጠኛው ፀጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ ለዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያ ፊያሜታን ይወዳል። ጓደኞቼ «ከዳተኛ ነው» ብለው ዘጉት። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነው። ሰውዬው በሚሠራው ዜና ውስጥ የእሱና የሮማን መለያየት ቦታ የለውም። ያንን የያዘልን ልቦለዱ ነው።

የሐራ ልጅ ስለሆንኩ ይሆናል እንዲህ ያነበብኩት። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲገባ ስልክ ተቋረጠ። የአጎቴ ልጅ ሐራ፣ እጮኛዋ አዲስ አበባ ቀሩ። ሬዲዮ ስንከፍት የምንሰማው የትኛው ከተማ ተያዘ፣ የትኛው ተለቀቀ ነው። እሷ የምትጠብቀው «ደህና ነኝ» የሚል አንድ ቃል ነበር።

በዓሉ ማስታወቂያ ሚኒስቴር የሠራ ሰው ነው፤ ዜና ምን እንደሚያስቀር ያውቃል። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተነሳ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

ለዚህ ጽሑፍ የአጎቴን ልጅ ላናግራት ደውዬ ነበር። «ስሜን ካልጻፍክ» አለችኝ። አልጻፍኩም።