ከመስኮት የወደቀውን ወጣት ወርዶ ስለ ማንሣት



የመምህርነት ሥራ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም ማወቅ፣ ማሳወቅና መታገሥ ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን ከመምህራን እግር ሥር ተቀምጦ መቅሰም ይቻላል፤ ሦስተኛው ግን በሰው ፊት ካልተፈተነ በቀር መኖሩም ሆነ አለመኖሩ አይታወቅም። እኔም ይህን የተረዳሁት ጠጕሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ስለዚህ ወጣቶችን እንድትጠብቁ ለተሾማችሁ ካህናት፣ ልጆቻችሁንም ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ለምትልኩ ወላጆች፣ ከአንድ የቅዱስ መጽሐፍ ታሪክ ተነሥቼ ጥቂት ነገር ላሳስባችሁ እወዳለሁ።

ታሪኩ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 20 ይገኛል። ቅዱስ ጳውሎስ በጢሮአዳ ሰባት ቀን ሰነበተ። በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን ምእመናኑ ለማዕድ ተሰብስበው ሳሉ፣ በማግሥቱ መንገደኛ ነበርና ትምህርቱን እስከ እኩለ ሌሊት አራዘመው። ጉባኤው በሰገነት ላይ ነበር፤ መብራቱም ብዙ ነበር። በመስኮቱ ላይ የተቀመጠ አንድ ወጣት እንቅልፍ አሸነፈውና ከሦስተኛው ፎቅ ወደ ምድር ወደቀ፤ ሬሳውንም አነሡ። ሐዋርያው ግን ትምህርቱን አቋርጦ ወረደ፤ ወጣቱንም ዐቀፈው፤ ሕይወቱ እንዳልጠፋች ነግሮ የታወከውን ሕዝብ አረጋጋ። ከዚያም ወደ ሰገነቱ ተመልሶ ማዕዱን ባረከ፤ እስኪነጋም ድረስ ሲያስተምር ዐደረ። ወጣቱም በሕይወት ስለ ተገኘ ሁሉም ተጽናኑ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለወጣቶች እረኛ የሚሆን ምን ትምህርት እናገኛለን?

አንደኛ፤ ወጣቱ የተቀመጠበትን ስፍራ እንመልከት። መስኮት የቤት ወሰን ነው። በመስኮት የሚቀመጥ ሰው ከቤቱም አልወጣም፤ ወደ ቤቱም ፈጽሞ አልገባም። በአንድ ወገን የመምህሩን ድምፅ ይሰማል፤ በሌላው ወገን የውጭው ነፋስ ይነካዋል። የወጣትነትም ዕድሜ እንደዚሁ ነው። ልጁ በቅዳሴው ቆሞ ይታያል፤ ነጠላውንም አጣፍቶ ይዘምራል፤ ዳሩ ግን በኪሱ በያዘው ስልክ የዓለም ድምፅ ሁሉ ሌሊትና ቀን ይጠራዋል። ስለዚህ በመካከል ላይ ላለ ሰው ዐይናችንን ልንጥልበት ይገባል እንጂ፣ ከቅጥሩ ውስጥ አይተነዋልና ደኅና ነው ብለን ልንዘነጋው አይገባም።

ሁለተኛ፤ የወደቀበትን ምክንያት እንመርምር። ይህ ወጣት ትምህርቱን ንቆ አልተኛም። ቢንቅማ ኖሮ ከቶ ባልመጣም ነበር፤ ቢመጣም እስከ እኩለ ሌሊት ባልቈየ። ያሸነፈው ድካም ነው። አንድም የትምህርቱ መርዘም ነው ብንል ሐዋርያውን መንቀፍ አይሆንም፤ እንዲህ ባለ ታላቅ መምህር ጉባኤ እንኳ የሚያንቀላፋ ሰው መኖሩን መጽሐፍ ሳይሸሽግ ጽፎልናልና። እንግዲያስ በእኔና በእናንተ ጉባኤ የሚያንቀላፋ ቢገኝ ምን ይደንቃል?

ሦስተኛውና ዋናው፤ መምህሩ ወረደ። ወጣቱን ወደ ሰገነቱ አምጡልኝ አላለም። በቃለ እግዚአብሔር ፊት የሚተኛ ዋጋው ይህ ነው ብሎ ውድቀቱን ለሕዝቡ መቀጣጫ አላደረገውም። ወረደ፤ ዐቀፈ፤ አጽናና። ደግሞም ወርዶ አልቀረም፤ ተመልሶ ወጥቶ የጀመረውን ፈጸመ። ወደ ሰው መውረድ ትምህርትን ማውረድ እንዳይደለ ከዚህ እናስተውላለን። ወጣቶችን ለመሳብ ሲባል ሥርዓቱን ማቃለል፣ ትምህርቱንም ማሳጠርና ማቅለል ያስፈልጋል የሚሉ አሉ። ሐዋርያው ግን ከትምህርቱ አንዳች ሳያጐድል ራሱን ዝቅ አደረገ።

ከዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ብናገር ለሌላው ይጠቅማል ብዬ አስባለሁ። በአንድ ደብር ወጣቶችን እንዳስተምር ታዝዤ ሳለሁ፣ በእሑድ ከሰዓት በኋላ ጉባኤ ዘወትር ከግድግዳው ተጠግቶ የሚያንቀላፋ አንድ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን ምሥጢረ ሥላሴን ሳስተምር አንገቱ ወደ ፊት ሲወድቅ አየሁና፣ ቁጣ ይዞኝ በጓደኞቹ ሁሉ ፊት አስነሣሁት። ቤተ ክርስቲያን የእንቅልፍ ቤት አይደለችም፤ እንቅልፍህን ጨርሰህ ና አልሁት። ጓደኞቹ ሳቁ። እርሱ ግን አንድ ቃል ሳይመልስ ነጠላውን ሰብስቦ ወጣ። እኔም የጉባኤውን ክብር ያስጠበቅሁ መስሎኝ ትምህርቴን ቀጠልሁ።

አንድ እሑድ ቀረ፤ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም አለፈ። ከጓደኞቹ አንዱን ብጠይቀው እንዲህ ሲል ነገረኝ። «አባታችን፣ አባቱ ከሞተ ወዲህ ሌሊት ሌሊት በዳቦ ቤት ሊጥ እያቦካ ታናናሾቹን የሚያሳድግ እርሱ ነው። እሑድ ጧት ከሥራ ወጥቶ ያስቀድስ ነበር፤ ሳይተኛም ወደ ጉባኤው ይመጣ ነበር።» ይህን በሰማሁ ጊዜ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። እኔ ሌሊቱን ተኝቼ ያደርሁት፣ ለታናናሾቹ እንጀራ ሲል ያልተኛውን ልጅ በእንቅልፍ ከሰስሁት። ሐዋርያው ከመስኮት የወደቀውን ወርዶ አነሣ፤ እኔ ግን በግድግዳ ጥግ የተቀመጠውን በቃሌ ገፍቼ ጣልሁት።

በማግሥቱ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። እናቱ የቄስ እግር ቤቷን በመርገጡ ደስ ብሏት መቀመጫ ስታነጥፍ፣ እኔ ለይቅርታ እንደ መጣሁ ማን በነገራት! ልጁንም በእናቱ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፍቶ፣ «ይፍቱኝ አባታችን» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረም። ፈጽሞ ተመለሰልኝ ብዬ ግን አልመካም። ለብዙ ጊዜ እስከ ቅጥሩ በር መጥቶ፣ ተሳልሞ ይመለስ ነበር። አሁን ወደ ጉባኤው ይገባል፤ የሚቀመጠውም ከበሩ አጠገብ ነው። በአንድ ቃል የፈረሰውን በብዙ ወራት ለመሥራት እንኳ እንዳልቻልሁ ስለ ማውቅ፣ ባየሁት ቍጥር ራሴን እገሥጻለሁ።

የቀደሙት አባቶች ይህን ምሥጢር ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ካህኑ ዔሊን አስቡ። ዐይኖቹ ፈዝዘው፣ ቤቱም በልጆቹ በደል ታውኮ ሳለ፣ ብላቴናው ሳሙኤል በአንድ ሌሊት ሦስት ጊዜ ቀሰቀሰው። ዔሊ ግን እንቅልፌን ለምን ትነሣኛለህ ብሎ አልተቈጣውም። በሦስተኛውም ጊዜ የሚጠራው እግዚአብሔር መሆኑን አስተዋለና፣ ልጁ እንዴት እንደሚመልስ አስተማረው። የራሱን ልጆች በጊዜ ስላልገሠጸ የተወቀሰ ካህን በዚህ ነገር ለእኛ መምህር ሆነን። መሪ ማለት ወጣቱን የራሱን ድምፅ ብቻ የሚያሰማ አይደለም፤ የአምላኩን ድምፅ ለይቶ እንዲሰማ የሚያስችለው ነው እንጂ።

ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን በወጣትነቱ በኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ላይ ሲሾመው፣ ማንም ስለ ዕድሜው እንዳይንቀው በምግባሩ ምሳሌ እንዲሆን አዘዘው። በዚያው መልእክት ስለ ሆዱ ሕመም እንኳ ተጨንቆ መከረው። ሥልጣን የሰጠው አባት የልጁን ሕመም አልዘነጋም።

የአገራችንም የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ያስተምር ነበር። በየኔታ ጉባኤ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፤ ፊደል የለየው ላልለየው፣ ዳዊት የደገመው ለሚደግመው መምህር ይሆናል። የለመኑትንም ቍራሽ አብረው ይቀምሳሉ። እንግዲህ ልጁ መሪነትን የሚማረው ገና ሲማር ሳለ፣ ከእርሱ የሚያንሰውን ሲሸከም ነው። በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲም በሰበካ ጉባኤ ከካህናትና ከምእመናን ጋራ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች እንዲወከሉ ወስኗል። ዳሩ ግን በብዙ ስፍራ ወጣቱን የምንፈልገው ለበዓል ምንጣፍ እንዲያነጥፍ፣ ወንበርም እንዲሸከም ነው። ምክር በሚደረግበት ጊዜ ወንበሩን ተሸክሞ ያመጣው ልጅ የሚቀመጥበት ያጣል። ይህ እንዲታረም ያስፈልጋል።

እናንተም ወጣቶች ሆይ! የሰሎሞንን ልጅ ሮብዓምን አትምሰሉ። ሽማግሌዎች ለሕዝቡ በጎ ቃል እንዲመልስ መከሩት፤ እርሱ ግን አብሮ አደጎቹን ሰምቶ ቀንበሩን ለማክበድ ዛተ፤ በዚህም ዐሥሩ ነገድ ተለየው። ሲነግሥ የ41 ዓመት ሰው እንደ ነበረም አትርሱ። ማስተዋልን ዕድሜ ብቻ አያመጣውም፤ የሚመጣው ከመስማት ነው። መምህር ቢበድላችሁ እንኳ፣ በደሉን ለአንድ አባት ገልጻችሁ ንገሩ እንጂ፣ በሰው በደል ምክንያት ከእግዚአብሔር ቤት አትውጡ።

ካህናት ወንድሞቼ ሆይ! ምክሬ ጥቂት ነው። የምታስተምሩትን ልጅ በስሙ ጥሩት። ከመገሠጻችሁ በፊት ሌሊቱን የት እንዳደረ፣ ምንስ እንደ ቀመሰ ጠይቁ። የምትገሥጹትም ለብቻው ይሁን፤ የምታመሰግኑት ግን በሰው ፊት ይሁን። ሲቀር ቤቱ ሂዱ። ስትሳሳቱም ይቅርታ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ቄስ ይቅርታ ቢጠይቅ ክህነቱ አይጐድልም። ጌታችን የሰውን ወገን ለማንሣት ከሰማየ ሰማያት እንደ ወረደ የምንሰብክ እኛ፣ ከመምህር ወንበር ወደ አንድ ልጅ ለመውረድ እንዴት ይከብደናል?

የወደቁትን ወርደን እንድናነሣ፣ እኛም በቃላችን ሰውን እንዳንጥል፣ የእግዚአብሔር ቸርነት የእመቤታችን አማላጅነት ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።