ሁለት ሉፖች፣ አንድ ውሳኔ፦ በብቸኛ ቁጥር ፕሮግራም ውስጥ ስህተት ማግኘት

የፕሮግራሙ ሥራ

ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ሙሉ ቁጥር ነው። 7 ብቸኛ ነው፤ 9 ግን በ3 ስለሚካፈል አይደለም። 1 በትርጉሙ መሠረት ከዝርዝሩ ውጭ ነው። እስከ 10 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 2፣ 3፣ 5 እና 7 ናቸው። እስከ 100 ደግሞ 25 ይገኛሉ።

ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምሩ ከሚሰጡ ልምምዶች አንዱ እነዚህን ቁጥሮች ለቅሞ ስክሪን ላይ የሚጽፍ ፕሮግራም መሥራት ነው። ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ማካፈል ስለሆነ ብዙ አያስቸግርም። ችግሩ የሚመጣው ትእዛዞቹ ከሚቀመጡበት ቦታ ነው። ደግነቱ ትክክለኛው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል። የተሳሳተው ዝርዝር ከትክክለኛው የሚለይበት መልክ ስህተቱ ያለበትን መስመር ብዙ ጊዜ ይጠቁማል።

በሉፕ ውስጥ ያለ ሉፕ

ሉፕ (ተደጋጋሚ ትእዛዝ) አንድን የትእዛዝ ስብስብ ደጋግሞ የሚያሠራ የፕሮግራም ክፍል ሲሆን እያንዳንዱ ድግግሞሽ ዙር ይባላል። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ሁለት ሉፖች አሉ። ውጫዊው ሉፕ የሚመረመሩትን ቁጥሮች ከ2 ጀምሮ አንድ በአንድ ያቀርባል። ውስጣዊው ሉፕ ደግሞ የቀረበውን ቁጥር ከ2 ጀምሮ ከራሱ በ1 እስከሚያንሰው ቁጥር ድረስ እያካፈለ ቀሪውን ያያል።

ውጫዊው ሉፕ አንድ ዙር በሄደ ቁጥር ውስጣዊው ከመነሻው እስከ መድረሻው ሙሉውን ይሄዳል። ለ9 ብቻ ሰባት ማካፈሎች ይከናወናሉ። ከ2 እስከ 100 ያሉት ሁሉ በዚህ መንገድ ሲመረመሩ ማካፈሎቹ 4851 ይደርሳሉ። ለ2 ግን ውስጣዊው ሉፕ አንድም ዙር አይሄድም፤ መነሻው ከመድረሻው ይበልጣልና። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ስህተት ሲፈለግ ደጋግሞ ይጠቅማል።

ውሳኔው የሚሰጥበት ቦታ

በጀማሪ ፕሮግራሞች ውስጥ በብዛት የሚታየው ስህተት ውሳኔውን በውስጣዊው ሉፕ ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ፕሮግራሙ ቀሪው 0 ከሆነ «ብቸኛ አይደለም»፣ ካልሆነ «ብቸኛ ነው» ብሎ እንዲጽፍ ይደረጋል፤ ይህም በእያንዳንዱ ማካፈል ላይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ 9 በሰባት መስመር ይጻፋል፤ ስድስቱ «ብቸኛ ነው»፣ አንዱ «ብቸኛ አይደለም» ይላሉ። 2 ግን ጭራሽ አይታይም፤ ውስጣዊው ሉፕ ለእርሱ ስለማይሠራ በዚያ ውስጥ ያለው የመጻፊያ ትእዛዝም አይደርሰውም። አንድ ቁጥር ተደጋግሞ ሲጻፍና 2 ሲጠፋ ምክንያቱ ይህ ነው።

የስህተቱ ሥር የሁለቱ ውሳኔዎች አለመመጣጠን ነው። ቤት ውስጥ ሰው አለ ለማለት አንድ ክፍል ውስጥ ማግኘት ይበቃል፤ የለም ለማለት ግን ሁሉንም ክፍል ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። «ብቸኛ አይደለም» የሚለውን አንድ አካፋይ ብቻውን ያስወስናል። «ብቸኛ ነው» የሚለው ግን የመጨረሻው አካፋይ እስኪሞከር መቆየት አለበት። ስለዚህ የመጻፊያው ትእዛዝ ቦታ ከውስጣዊው ሉፕ በኋላ፣ ነገር ግን በውጫዊው ሉፕ ውስጥ ነው።

በፓይተን ቋንቋ ይህ ቦታ የሚታወቀው መስመሩ ከግራ ጠርዝ ምን ያህል ገባ ብሎ እንደተጻፈ በማየት ነው። መስመሩ አንድ እርከን ወደ ውስጥ ቢገባ የሌላ ሉፕ ንብረት ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይሠራል። በሲ እና በጃቫ ወሰኑን የሚያበጁት ጥምዝ ቅንፎች ስለሆኑ ባዶ ቦታው ለዓይን ብቻ ነው። እዚያም ቢሆን ቅንፍ የተሳሳተ ቦታ ላይ ሲዘጋ ውጤቱ ያው ነው።

ያልታደሰ ምልክት

ውሳኔው እስከ ውስጣዊው ሉፕ ፍጻሜ እንዲቆይ በመሃል የተገኘውን የሚያስታውስ ነገር ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው ፍላግ (እውነት ወይም ሐሰት ብቻ የሚይዝ ተለዋዋጭ) ነው። ምርመራው ሲጀመር ፍላጉ «እውነት» ይደረጋል፤ ያለ ቀሪ የሚያካፍል ቁጥር ሲገኝ ወደ «ሐሰት» ይለወጣል፤ ውስጣዊው ሉፕ ሲያበቃ ይነበባል።

ፍላጉን «እውነት» የሚያደርገው መስመር ከሁለቱም ሉፖች በላይ ከተጻፈ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። 2 እና 3 በትክክል ይጻፋሉ። 4 ሲደርስ በ2 ይካፈላልና ፍላጉ «ሐሰት» ይሆናል። ከዚያ በኋላ ወደ «እውነት» የሚመልሰው ስለሌለ 5ም 7ም 97ም ብቸኛ እንዳልሆኑ ይቆጠራሉ። ከ2 እና ከ3 ሌላ ምንም የማይጽፍ ፕሮግራም ሲታይ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም ማለት ይቻላል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ማደሻው መስመር ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ ገብቶ በውስጣዊው ሉፕ ውስጥ ሲያርፍ ፍላጉ በየአካፋዩ ይታደሳል፤ ቀደም ብሎ የተገኘውም ይጠፋል። በመጨረሻ የሚቀረው የመጨረሻው አካፋይ ውጤት ብቻ ነው። ያ አካፋይ ከቁጥሩ በ1 የሚያንሰው ስለሆነ ከ3 ጀምሮ ቀሪው ሁልጊዜ 1 ነው፤ እናም ከ3 ወዲያ ያለው ቁጥር ሁሉ ብቸኛ ተብሎ ይወጣል። ትክክለኛው ቦታ በውጫዊው ሉፕ ውስጥ፣ ውስጣዊው ከመጀመሩ በፊት ነው።

የሉፑ ጫፎች

ውስጣዊው ሉፕ ከ1 ቢጀምር ወይም ቁጥሩ ራሱ ድረስ ቢሄድ ስክሪኑ ባዶ ይቀራል፤ ማንኛውም ቁጥር በ1 እና በራሱ ይካፈላልና። በፓይተን ሬንጅ የተባለው የቁጥር መደዳ ሰጪ መድረሻውን አይጨምርም፤ ከ2 እስከ 9 ሲባል በ8 ያቆማል። ይህ ለውስጣዊው ሉፕ ይመቻል፤ ለውጫዊው ግን ወጥመድ ነው። ውጫዊው መድረሻ 97 ከተባለ 97 ራሱ ከዝርዝሩ ይወድቃል።

ሥራውን ለማፋጠን ውስጣዊውን ሉፕ ማሳጠር ይቻላል። 36 የሁለት ቁጥሮች ብዜት ሆኖ ሲጻፍ 2 በ18፣ 3 በ12፣ 4 በ9፣ 6 በ6 ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ጥንዶች ቦታ ተለዋውጠው የሚመለሱ ናቸው። ስለዚህ በራሱ ሲባዛ ከሚመረመረው ቁጥር የሚበልጥ አካፋይ መሞከር አያስፈልግም። ለ97 ከ2 እስከ 9 ያሉት ስምንት አካፋዮች ይበቃሉ፤ ሉፑ ካላጠረ ግን 95 መሞከር ግድ ነው።

ማሳጠሩ የራሱን ስህተት ይዞ ይመጣል። ሁኔታው «አካፋዩ በራሱ ሲባዛ ከቁጥሩ ያንሳል» ተብሎ ከተጻፈና «ወይም እኩል ነው» የሚለው ከተረሳ እስከ 100 ባለው ዝርዝር ውስጥ 4፣ 9፣ 25 እና 49 ሾልከው ይገባሉ። አራቱም ብቸኛ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚገኙ ናቸው። ስኩዌር ሩቱን (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠውን) አስልቶና ክፍልፋዩን ጥሎ ለሬንጅ መድረሻ አድርጎ የሚሰጥ ፕሮግራም ደግሞ የመጨረሻውን አካፋይ ስለሚያጣ 4፣ 6፣ 8፣ 9፣ 15፣ 25፣ 35 እና 49ን ያስገባል። ሁለቱ ስህተቶች ቢመሳሰሉም የሚያስገቧቸው ቁጥሮች ስለሚለያዩ 6 ወይም 15 መኖሩን ማየት ብቻ ለመለየት ይበቃል።

ማቋረጫው

ብሬክ (ሉፕን ማቋረጫ ትእዛዝ) አካፋይ እንደተገኘ ቀሪውን ሙከራ ያስቀራል። የሚያቋርጠው ያለበትን ሉፕ ብቻ ነው፤ ውስጣዊው ሲቆም ውጫዊው ወደሚቀጥለው ቁጥር ይሄዳል። ብሬክ «ቀሪው 0 ከሆነ» ከሚለው ሁኔታ ውጭ ቢወጣና በውስጣዊው ሉፕ ውስጥ ቢቀር እያንዳንዱ ቁጥር በ2 ብቻ ይሞከራል። የዚህ ምልክቱ 2 እና ከ3 ጀምሮ ያሉት ጎዶሎ ቁጥሮች ሁሉ፣ 9 እና 15 ጭምር፣ ተደርድረው መውጣታቸው ነው።

በወረቀት መከታተል

ውጤቱ ከእነዚህ መልኮች አንዱንም ካልመሰለ ፕሮግራሙን እንደ ኮምፒዩተር በእጅ መሥራት ያዋጣል። ወረቀት ላይ ለቁጥሩ፣ ለአካፋዩ፣ ለቀሪውና ለፍላጉ አራት ዓምዶች ተሠምረው እያንዳንዱ ዙር በአንድ መስመር ይጻፋል። ለሙከራ 9 ከ7 ይሻላል። የ9 ቀሪዎች በቅደም ተከተል 1፣ 0፣ 1፣ 4፣ 3፣ 2፣ 1 ናቸው፤ ፍላጉ በሁለተኛው መስመር «ሐሰት» ሆኖ እስከ መጨረሻው እንደዚያው መቆየት አለበት። 7 ግን አካፋይ ስለሌለው ፍላጉ አለመለወጡ ትክክል ይሁን ስህተት አይለይም። አራቱን ዋጋዎች በየዙሩ ስክሪን ላይ የሚያጽፍ ጊዜያዊ መስመር ማስገባትም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ውጫዊው ሉፕ ግን በ9 ወይም በ10 መገደብ አለበት፤ አለዚያ በሺህ የሚቆጠር መስመር ይፈሳል።

ፕሮግራሙ ከታረመ በኋላ የተጻፉትን መቁጠር ፈጣን ማረጋገጫ ቢሆንም ብቻውን አይታመንም። ውጫዊው ሬንጅ ከ1 እስከ 97 ተብሎ ቢጻፍ 1 ያለ ሙከራ ብቸኛ ተብሎ ይገባል፤ 97 ደግሞ ይቀራል፤ ድምሩም 25 ይሆናል። ስለዚህ ከድምሩ ጋር የዝርዝሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ መስመሮች ይታያሉ፤ መጀመሪያው 2፣ መጨረሻው 97 መሆን አለበት።